ቁርስ የሌለው ጠዋት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ስሄድ ሰላምታው አያራምደኝም። አንዱ «ሐኪሜ» ይለኛል፣ ሌላው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ሰው በፍቅር የሰጠኝን ማዕረግ መልሼ አላውቅም። በቦረና ወረዳ ከእኔ መርፌ የተረፈ መቀመጫ ካለ የእንግዳ ነው። አንዳንድ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲያወሩ «ለመኩራራት አይደለም» እያሉ ይጀምራሉ። እኔ ለመኩራራት ነው። የሠራ ሰው ካልኮራ ማን ይኩራ?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ በጤና ጣቢያው የእኔን ቦታ የተረከበች ነርስ ስትሆን አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። በቀደም ዕለት ቤቴ መጥታ ገና ሳትቀመጥ፣

«ጋሼ ደምሴ፣ መምህራችን የሰጡን ጥያቄ ጨንቆኛል» አለችኝ።

«በይ አምጪው።»

«ነርስ የሚያውቀውን ነገር የሚያውቀው በምንድን ነው? የዕውቀቱ መሠረት ምንድን ነው? ይላል።»

«ይህ ጥያቄ አቀስታ ላይ ሲጠየቅ አንቺ አልተወለድሽም ነበር።»

«ወላሂ? ማን ጠየቀው?»

ነገርኋት። ሻይዋ ቀዘቀዘ፣ እኔ አልቆምሁም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ቢጽፉትና ባነበው ይሻላል» አለችና አመለጠችኝ። እንግዲህ እሷ ያመለጠችውን እናንተ ስሙ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በትምህርት ቤት በር አይደለም። ዳዊት ደግሜ፣ ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቀምሼ፣ አቀስታ ክሊኒክ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርሁ። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የመድኃኒት ካርቶን ነው። «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን ያነበብሁ ቀን አቀስታ ራሷ ለመድኃኒት የተሠራች አገር መሰለችኝ። እየጠረግሁ አየሁ፣ እያየሁ ያዝሁ፣ ከዚያ ቁስል ማጠብ ጀመርሁ። ቆይቼ የጤና ረዳትነት ፈተና ስቀመጥ ከትምህርት ቤት የመጡትን በልጫቸዋለሁ። ደመወዙን አላነሣም፤ እሱም እኔን ብዙ አላነሣኝም።

መምህሬ ሲስተር አስናቀች ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከአጥሩ ውጭ የማይሰማ ሴት። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ። በአቀስታ ብርድ የቀዘቀዘ እጅ ሆድ ላይ ካረፈ ሆዱ ራሱን ይቆልፋል፤ የተቆለፈ ሆድ ደግሞ ምንም አይናገርም። ሲቀመጡ ምን ጊዜም ከበሽተኛው ዝቅ ብለው ነው። ሽማግሌ ከመጣ መደቡን ለእሱ ይለቁና ራሳቸው የማገዶ ጉማጅ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን «ሲስተር፣ ያዋርድዎታል» ብላቸው፣ «ከታች ሆኖ የሚያይ የሰውን ዓይን ያያል፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ጥምጣም ነው የሚያየው» አሉኝ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ጥያቄያቸው ነበር። አንድ ሰው ሲያስል አይቼ፣

«ይህ የሳንባ ምች ነው» አልኋቸው።

«በምን አወቅህ?»

«ያስታውቃል!»

«ለማን?»

ጣቴን ወደ በሽተኛው ቀሰርሁ።

«ደምሴ፣ ነርስ የሚያውቀው አይቶ ነው፣ ነክቶ ነው፣ አንብቦ ነው፣ ወይም ተነግሮት ነው። አንተ በየትኛው አወቅህ?»

ተመልሼ አየሁት። አፍንጫው ሲተነፍስ ይከፈት ነበር፣ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፣ ደረቱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይነዝር ነበር። ምች ነው ስል ትክክል ነበርሁ። እንደ ልማዴ። «አየህ፣ ትክክል መሆንና ማወቅ አንድ አይደሉም» አሉኝ። «ዶሮም ጥሬ ታገኛለች።» ይህች ዶሮ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች፤ ግን እውነት ናት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አውቃለሁ ስል ውስጤ ያለች አስናቀች ቀድማ ትጠይቀኛለች።

ከአራቱ የማወቂያ መንገዶች ሲስተር የማያምኑት የመጨረሻውን ነበር። «የተነገረህን እንደ ውሰት ዕቃ ያዘው፤ የማን እንደሆነ አትርሳ» ይሉ ነበር።

ከአቀስታ ወደ ወግዲ ተዛወርሁ። አለቃዬ በቅሎ የሚፈራ ጤና መኮንን ስለነበር በቅሎ የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ የእኔ ሆነ። እሱ ቢሮ ሲሞቅ እኔ ክትባት በሣጥን አዝዬ ገደል ለገደል እሄድ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፣ ስመለስ ራሱ እግሬን አሳጥቦኛል። ስሜ የተጠራው እዚያ ነው። አንድ ጎልማሳ ሆዱን ታሞ፣ እያቃሰተ፣ በወንድሞቹ ተደግፎ መጣ። ሁሉም የሆድ ነገር ነው አሉ። እኔ ጎንበስ ስል ከአፉ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ውኃ ሲሰጡት ጣሳ በጣሳ እየደራረበ ጠጣ። «ይህ ስኳር ነው» አልሁ። አለቃዬ «በምን አወቅህ?» ሲለኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ «አሽትቼ!» አልሁት። ሲስተር ያልቆጠሩትን አንድ ጨመርሁ ማለት ነው። ሰውየው ወደ ደሴ ተላከ፣ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በየሄድሁበት የስኳር በሽተኛ ሁሉ ወደ ደምሴ ይላክ ተባለ።

በመጨረሻ ከመካነ ሰላም ወጣ ወዳለች ጤና ጣቢያ መጣሁ። ዛሬ ሰዓዳ ያለችበት ነው። ኢንሱሊን እኛ ዘንድ መሰጠት ሲጀምር ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ፍሪጅ የሌለው ሰው ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በያዘ ገንቦ ውስጥ እንዲያኖር፣ ደፍራሹን መድኃኒት በሁለት መዳፉ መካከል ቀስ አድርጎ እንዲያንከባልል እንጂ እንደ ቅል እንዳይንጠው፣ መርፌውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየደጋገመ ሥጋውን እንዳያደነድን፣ የስኳር ቁራጭ ከኪሱ እንዳይለይ አስተምራለሁ። እንደ እኔ ጥርት አድርጎ የሚናገር አልነበረም። ጨርሼ «ገባዎት?» እላለሁ፤ «ገብቶኛል፣ ይስጥልኝ» ይሉኛል፤ ቀጣዩን እጠራለሁ።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነበር። ከጤና ጣቢያው በላይ ካለችው ደብር የድጓ መምህር ናቸው፤ ተማሪ ከሩቅ አገር አቋርጦ ይመጣላቸዋል። ረጅም፣ ጠይም፣ መቋሚያቸውን እንደ ጦር የሚይዙ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ኢንሱሊን አዘዘላቸው፣ እኔ አስተማርሁ። «የኔታ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት ይወጋሉ። ገባዎት?» አልሁ። «ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉ። እንዲህ ያለ በሽተኛ አላየሁም፤ ብልቃጡን እንደ ታቦት ነው የያዙት። ስኳራቸው ወረደ፣ ፊታቸው ፈካ። የሚያገኙትን ሁሉ «የደምሴን እጅ ይባርክ» ይሉ ነበር፤ እኔም አሜን እል ነበር፣ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ሲያልፍ ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ አመጧቸው። ቅዳሴ ቆመው ሳለ እግራቸው ከድቷቸው ወድቀዋል። በዚያ ብርድ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ነበር፤ ቆዳቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ስጠራቸው አይሰሙም። አየሁ፣ ነካሁ፣ አወቅሁ፤ ስኳራቸው አልቋል። ጣታቸውን ስወጋ መሣሪያውም ያንኑ አለኝ። ደም ሥራቸውን አግኝቼ ግሉኮስ ሰጠሁ። እንዲህ ያለ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ወግቶ ማግኘት፣ ትንሽ ልኩራና፣ ለሁሉ የሚሰጥ አይደለም። ዓይናቸው ተገለጠ። የመጀመሪያ ቃላቸው፣

«ቅዳሴ ወጣ እንዴ?» የሚል ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኚህ ሰው ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወጣውን ቅዳሴ ይጠብቃሉ። በየቀኑ።

ወደ ክንዳቸው አዩ። «ይህ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?»

«የስኳር ውኃ ነው፣ የኔታ። ሕይወትዎን…»

«ስኳር?» ቀና አሉ። «ጾሜን በክንዴ አስገደፍከኝ?»

«የኔታ፣ ሊሞቱ ነበር!»

«መድኃኒትህ በተማሪዎቼ ፊት፣ በመቅደሱ ደጅ ጣለኝ፤ አሁን ደግሞ ጾሜን በደም ሥር በላህብኝ። እንግዲህ ይበቃናል፣ አቶ ደምሴ።»

«ልጄ» አላሉኝም። ከቀጠሮ ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ገበያ ላይ አግኝተውኝ ብልቃጡ ከነአሸዋው ገንቦ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ እሳቸው ግን ውኃ በጋን እየጠጡ፣ እየከሱ፣ አንድ የእግር ጣታቸው ላይ የማይድን ቁስል እንደወጣ ነገሩኝ። «ኧረ ድረስላቸው፣ አንተ ሰው!» አሉኝ እያለቀሱ። መርፌውን ካልጀመሩ እግሩ እንደሚቆረጥ፣ ከዚያም እንደሚሞቱ አውቅ ነበር። ይህን አንብቤም አይቼም አውቀዋለሁ። ሰው ሁለት ጊዜ ላክሁ፤ «ሰላም በሉልኝ» ብለው መለሱት።

ጡረታ ወጥተው ደሴ ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩት ወደ ሲስተር አስናቀች ደወልሁ።

«ሲስተር፣ አንድ በሽተኛ ከእጄ ወጡብኝ።»

«ሞቱ?»

«የለም፣ ተቀየሙኝ።»

«አብሽር፣ እሱ ይሻላል። ምን ነግረሃቸው ነበር?»

«ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት።»

«መረዳታቸውን በምን አወቅህ?»

«ገብቶኛል አሉኛ!»

«አይተህ ነው? ነክተህ? አንብበህ?»

«ተነግሮኝ ነው።»

«በማን?»

«በራሳቸው።»

«እሳቸው ያልገባቸው ነገር እንዳለ እሳቸው በምን ያውቃሉ፣ ደምሴ?»

በእኔ ዕድሜ እንዲህ የሚያስረኝ ሌላ ሰው የለም።

«መጽሐፉ የሚያውቀው ጠዋት ቁርስ የሚበላ ሰው ነው» አሉ። «አንተ ያለኸው ቦረና ነው። ይጾማሉ ወይ ብለህ ጠይቀሃል?»

«የድጓ መምህርን? ይጾማሉ ወይ ብዬ? ነውር አይደለም እንዴ! እስላሙም ክርስቲያኑም ይስቅብኛል።»

«ነውር የሚባለው ጥያቄ ጀርባ ብዙ ጊዜ በሽታው ተቀምጧል። ሂድ፣ ጠይቅ።»

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደብሩ ወጣሁ። መሪጌታ ከዋርካው ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ከበው፣ አንዱ ያዜማል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጁ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር መቋሚያው መሬቱን መታ፤ ልጁ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰላም ብዬ ከተማሪዎቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አላዩኝም፣ ወይም አላየሁም አሉ። ቆይተው፣

«ከኋላ ያለው ትልቁ ተማሪ ምን ሊል መጣ?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ።

«የኔታ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ነው። ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ይጾማሉ?»

ሳቁ ተቆረጠ። አንዱ ተማሪ አፉን በነጠላው ሸፈነ።

«አንተ ደምሴ!» አሉ መሪጌታ። «ፀሐይ ትሞቃለች ወይ ብለህም ጠይቀኝ እንጂ!»

«እንደሚጾሙ አላወቅሁም ማለቴ አይደለም። ማወቄን ከመርፌው ጋር አላገናኘሁትም። እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ጠዋት ከቁርስ በፊት አልክ። ጠዋቱን ወሰድኩ፤ ቁርሱን ጾሙ አነሣው።»

«ገባዎት ብዬ ስጠይቅ ገብቶኛል አሉኝ።»

«ገባኛ! አንተ ያልከኝ አንድም ሳይቀር ገባኝ። ያላልከኝ ነው ያልገባኝ።» መቋሚያቸውን ወደ ልጆቹ አዞሩ። «በዚህ ጉባኤ ገባኝ የሚል ተማሪ ሰምተህ ታውቃለህ? ገባኝ አይባልም። በል ነው የሚባለው። ሲል ነው የምሰማው፤ ሲሰበር ነው የት እንዳልያዘ የማውቀው። አንተ ስንቱን በሽተኛ ‹ገባኝ› አሰኝተህ ሰደድክ?»

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር፣ ዳዊት የደገምሁ ሰው ሆኜ፣ እኔ ራሴ የተማርሁበትን መንገድ ሥራዬ ላይ አላዋልሁትም ነበር። ነጭ ጋዎን ስለብስ የቄስ ትምህርት ቤቱን ከውጭ የተውሁት መስሎኝ ነበር።

«የኔታ፣ የታመመ ሰው ይጹም ወይ ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይሉታል?»

«የታመመ ይብላ፤ ሲድን ይጾማል። ስንቱን መክሬያለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ?»

«እኔ መቼ ታመምኩ? እኔ ስኳር ነው ያለብኝ።»

ተማሪዎቹ አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሰው፣ ሳል የለው፣ ቁርጥማት የለው፣ በምን ታምሜያለሁ ይበል? እኔ በሽታቸውን ከመሣሪያ ላይ አነበብሁት፤ እሳቸው ግን ገላቸው ውስጥ አላገኙትም። ከፊታቸው ዝቅ አልሁና ጫማቸውን አውልቄ የእግር ጣታቸውን ያዝሁ። እጄን አሙቄ ነበር።

«ይህን ስጫን ያምዎታል?»

«የለም።»

«ይህንስ?» ቁስሉን ነካሁት።

«አልተሰማኝም» አሉ። ጎንበስ ብለው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ቁስል እንደ ሆነ፣ መግል እንደ ያዘ፣ ግን እንደማያም አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«የማያመው… ይህ ነው በሽታው?»

«እሱ ነው፣ የኔታ።»

ጫማቸውን መልሰው አጠለቁና፣ «የንስሐ አባቴን ላነጋግር። እኔ ለራሴ አልፈርድም» አሉ። ሲሸኙኝም አልተነሡም።

የስኳር በሽተኞች ቀን ማክሰኞ ነበር። ያን ማክሰኞ ሥራ ስሠራ ዓይኔ በር ላይ ነው። አግዳሚው ሞላ፣ እሳቸው የሉም። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ፣ ከቆላው በአህያ የሚመጡ ቀልደኛ ሽማግሌ ፊቴ ተቀምጠው ነበር። እንደ ተማርሁት፣ «ሐጂ፣ ረመዳን ሲገባ መርፌውን እንዴት ያደርጉታል?» አልኋቸው።

«አብሽር፣ ገብቶኛል» አሉ ሐጂ።

«ገባኝ የለም! በል!»

ድምፁ ከበሩ ነው። መሪጌታ ጥበቡ፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ እግራቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«የኔታ!» አልሁ።

«ነፍስ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ» አሉ ሲገቡ። «ጾሙን እስክድን አነሡልኝ። በምትኩ የስኳር ቀን እየመጣህ፣ የማያውቀውን ሰው የተማርከውን ሳታስብል አትመለስ አሉኝ። ሐጂ፣ በል እንጂ!»

«ሱብሓን አላህ! ያሁኑ ይባስ፤ ቄስ ሊያቀራኝ ነው?» አሉ ሐጂ። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ግን አሉ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት እዚህ መጥተው ሐኪሙን እንደሚጠይቁ፣ መጠኑንና ሰዓቱን በራሳቸው እንደማይለውጡ፣ ሰውነታቸው ከራደና ካላባቸው ወዲያው እንደሚያፈጥሩ አሉ። አንድ ቦታ ተሰበሩ፤ መቋሚያው ሲሚንቶውን መታ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። እስከዚያ ቀን «አስተማርሁ» የምለው የተናገርሁትን ነበር። የድልድይ ሠሪ ዕውቀት ድልድዩ ላይ ይታያል፤ የነርስ ግን የሚታየው በሽተኛው ቤቱ ገብቶ፣ እኛ በሌለንበት፣ ብልቃጡን ብቻውን ሲያነሣ ነው። ሰዓዳ፣ ለመምህርሽ ይህን ጻፊላቸው፤ ከደምሴ ነው በይ።

የመሪጌታ ተራ ደረሰ። አዲሱን የሐኪም ትእዛዝ አየሁ፤ ብልቃጡን በመዳፌ መካከል አንከባለልሁ፤ ልኩን ቀዳሁ። እሳቸው ግን ሆዳቸውን አልገለጡም።

«ቆይ። አንተስ?»

«እኔ ምን፣ የኔታ?»

«የምታስተምረውን በል።»

«እኔ? በእነዚህ ሁሉ ፊት?»

«እኔ የወደቅኩት በማን ፊት ነው?»

ሲሪንጁን ሳህኑ ላይ አኖርሁ። በሕይወቴ ማንም ፈትኖኝ ያልወደቅሁ ሰው፣ በራሴ ክፍል፣ በራሴ በሽተኞች ፊት፣ እጄን አጣምሬ ጀመርሁ። አሸዋውን፣ ገንቦውን፣ ማንከባለሉን፣ ቦታ መለወጡን፣ ከምግቡ ሰዓት ጋር ማገናኘቱን፣ ጾም ሲመጣ ቀድሞ መጠየቁን እንደ ውኃ አፈሰስሁት። ጨርሼ ቀና አልሁ።

መቋሚያው ሲሚንቶውን መታ።

«ስኳሯን በኪስ!» ብለው ጮኹ ሐጂ ሙሄ ከአግዳሚው ላይ። «ወይኔ ዶክተሬ! እኔ እንኳን ይዣታለሁ!» በወረቀት የጠቀለሏትን ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ አሸዋውን፣ ገንቦውን፣ እስከ ስኳሯ ድረስ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ገልጠው አዩኝና ጋቢያቸውን ከሆዳቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«በል ልጄ፣ አሁን ውጋኝ።»